ስንት ገዛሃት?

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው ተረት ስብሰባ ይወዳል። ማይክ የያዘ ሰው ሁሉ «የአገራችንን ምርት እንጠቀም» ሊል ሲነሣ መጀመሪያ የሚመዘው እሱን ነው፤ አዳራሹም ያጨበጭባል። በ2014 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ታምርት» የሚባለው ንቅናቄ ከተጀመረ ወዲህማ በሬውም ሠርዶውም ዕረፍት የላቸውም። እኔ ያደግሁት አምቦ ስለሆነ ይሆናል፣ ተረቱን በሰማሁ ቁጥር ሐሳቤ የሚሄደው ማንም ወደማይጠቅሰው ወደ ማረሻው ነው።

በሬው ያገር ነው። ሠርዶውም ያገር ነው፤ በዶላር አስመጣሁት የሚል ነጋዴ እስካሁን አልገጠመኝም። ሞፈሩና ቀንበሩ ከአካባቢው ዛፍ የተጠረቡ ናቸው። ማረሻው ግን ብዙ ጊዜ የአይሱዙ ባሌስትራ ነው። የጃፓን ስም ይዞ ባሕር አቋርጦ ይመጣል፣ በጊንጪ መንገድ ላይ ጤፍና ድንች ሲጭን ይከርማል፣ አንድ ቀን ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሲሰበር ቀጥቃጭ እጅ ይገባል። ቀጥቃጩ በወናፍ አግሎ፣ በመዶሻ ደብድቦ፣ ጫፉን አሹሎ ማረሻ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የጀልዱን ማሳ ሲገለብጥ ለሚያየው ሰው ይህ ብረት ያገር ውስጥ ነው ወይስ የውጭ? ገበሬው ጥያቄው ገብቶት አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ባሌስትራ ቶሎ እንደማይደንዝ ነው።

ሌላውም ዕቃ ቢመረመር ከዚህ አያልፍም። ለጊንጪ ብርድ የምንደርበው ጋቢ ማጉ የእናቶች ፈትል ሲሆን ድሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የወጣ ክር ነው። ሰፌዱ ላይ የሚያብረቀርቀው ቀይና አረንጓዴ ጌጥ ከስንደዶውና ከአክርማው መሐል የገባ ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ አንዳንዴም ከማዳበሪያ ከረጢት የተመዘዘ ነው። ስለዚህ የዕቃ ዘር መቁጠር ትቻለሁ። በሰውም አላማረብንም።

እኔን የሚደንቀኝ በአፋችን የምናሞግሰውን ባለሙያ ገበያ ላይ ስናገኘው የምናደርገው ነው።

የአምቦ ገበያ ቅዳሜ ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ ጭድ አንጥፈው ምጣዱን፣ ድስቱን፣ ማሰሮውን፣ ጀበናውን ይደረድራሉ። አንድ ጃኬት የለበሰ፣ መኪናውን ዳር ያቆመ፣ ከአዲስ አበባ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ የሚመስል ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ አንዲት ጀበና ያነሣል። በጣቱ ቋ ቋ ያደርጋታል። ጆሮው ላይ ለጥፎ ያዳምጣታል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአፏ ወደ ሆዷ ያያል። ያሸታታል። «እስኪ ውሃ አድርጊባት፣ እንዳታፈስ» ይላል። ውሃ ይደረግባታል፤ አታፈስም። ይህን ጊዜ ቅር ይለዋል፤ ዋጋ የሚያስቀንስበት አንድ ምክንያት አመለጠው።

«ሜቃ?» ይላል በተሰባበረ ኦሮምኛ፣ ዋጋ ታስቀንስልኛለች ብሎ።

«ሦስት መቶ ብር፣ ልጄ» ትለዋለች ሸክላ ሠሪዋ በጥሩ አማርኛ።

«ሦስት መቶ? ለአፈር?»

«አፈሩማ በነጻ ነው፤ ቆፍረህ ውሰድ።»

በዙሪያው ያለው ሰው ይስቃል፤ ሰውዬው ግን በቀላሉ የሚሸነፍ አይደለም። መቶ ሃምሳ ይላል። ትታው ወደ ሌላ ገዢ ትዞራለች። እንደሄደ ሰው ጥቂት ተራምዶ ይመለሳል። «የመጨረሻ ስንት?» ይላል። ሁለት ከሰማንያ። ሁለት ከሃምሳ። ሁለት መቶ ላይ ይስማማሉ፤ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ግን «ማቶቷን መርቂኝ» ይላል። ማቶቷ ትመረቅለታለች።

ያው ሰው ወዲያው መንገድ ተሻግሮ ፕላስቲክና ፔርሙዝ ከሚሸጥ ሱቅ ይገባል። ስልኩን የሚነካካው ልጅ ቀና እንኳን ሳይል «ሁለት ሺህ ሦስት መቶ፣ ፊክስ ነው» ይለዋል። ሰውዬው ፔርሙዙን ቋ ቋ አያደርገውም። አያሸተውም። ውሃ አድርግበት አይልም። «ቴሌብር ይቻላል?» ነው የሚለው። ሲወጣም «አመሰግናለሁ» ይላል።

ያቺ ጀበና እንግዲህ ዋጋዋ ውስጥ ምን ምን አለ? ሴትየዋ አፈሩን ከሩቅ ቆፍራ በጀርባዋ አምጥታለች። ወቅጣዋለች፣ ነፍታዋለች፣ የተፈጨ ገል ቀላቅላ አቡክታዋለች። ጠፍጥፋ፣ ሆዷን አድቦልቡላ፣ አንገቷን አውጥታ፣ ጆሮዋን ለጥፋ፣ በድንጋይ አለስልሳ ጥላ ሥር አድርቃታለች። ዝናብ ከመጣ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ከዚያ ኩበቱና ጭዱ ይነድዳል፤ እሳቱ ደግሞ የራሱን ድርሻ ሰንጥቆ ያስቀራል። ያልተሰነጠቀችው ጭድ ተጠቅልላ በአህያ ወይም በጀርባ ገበያ ትወጣለች። እዚህ ደርሳ ነው «ለአፈር?» የምትባለው። ፔርሙዙ ያለፈባቸውን እጆች ስለማናያቸው ይመስለኛል ዝም ብለን የምንከፍለው። ጭቃ ያለበት እጅ ፊት ለፊታችን ሲዘረጋ ግን መከራከር ይታየናል።

የቻይና ዕቃ የእጅ ሙያችንን ገደለው ይባላል። ቻይና ከመድረሷ በፊት እኮ እኛ እዚሁ ነበርን። ቀን ማረሻና ማጭድ ሠርቶ የሰጠንን ቀጥቃጭ ማታ ጅብ ይሆናል ስንል የኖርን እኛ ነን። በሠራችው ድስት ወጥ እየሠራን ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ነች ብለን ልጆቻችንን ከፊቷ የሸሸግን እኛ ነን። ወደ ምዕራብ ሸዋም ብትመጡ ቱምቱ የሚባለው ብረት ሠሪና ፋቂ የሚባለው ቆዳ ሠሪ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ፣ መሬት እንዳይኖራቸው፣ ከመንደሩ ዳር እንዲኖሩ ተደርገው ነው የከረሙት። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ስድቡ ከልክ አልፎ አገሩን ባለሙያ አልባ ሊያደርገው ስለሆነ ነው። አዋጁ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጠንቋይ የሚባለውን ጸሐፊ ሳይቀር ያነሣል። ስለዚህ ነገሩ በግሌም ይመለከተኛል።

አዋጅ ወጣ፣ ስድቡ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። የሸክላ ሠሪ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ «እናትህ ምን ትሠራለች?» ሲሉት «ንግድ» ይላል። ንግድ ማለቱስ ልክ ነው፤ ትሸጣለች። የማትሸጠውን ሙያዋን ግን ለእሱ አታወርሰውም፤ እሱም አይወርስም። ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ የሚደብቀውን ሥራ በየትኛው የጉምሩክ ታሪፍ ልናድነው ነው?

ደግሞ ርካሽ የውጭ ዕቃ በቻይና አልተጀመረም። አያቶቻችን አቡጀዲ ለብሰዋል፤ አቡጀዲ ከጉደር ማዶ አልተሸመነም። ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ በነበረባቸው ዓመታት የአገራችንን የጨርቅ ገበያ የያዘው ጃፓን ነበር፤ ጨርቁ ርካሽ ነበር፣ ሌሎቹ አገሮች ተማረሩ፣ የእኛ ሰው ግን ገዛ። ቡና የምንጠጣበት ሲኒም ከጥንትም ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። እንግዳውን ሲኒ «የሐበሻ ቡና» ብለን ከጀበናው ጋር ከዳርነው በኋላ ስለ ጋብቻው ዘር ጠይቀን አናውቅም።

ፕላስቲክን ስናማም አንድ ዕዳ እንዳለብን መርሳት የለብንም። ከዘይት የተረፈው ቢጫ ጄሪካን የስንት ሴት ወገብ እንዳዳነ ቆጥሮ የጻፈ የለም። እንስራ ባዶዋን ራሷ ሸክም ናት። ውሃ ሲሞላባትና ዳገት ሲወጣባት፣ እግር ድንጋይ ሲመታ ደግሞ ውሃውም እንስራውም የልጅቷም ፈገግታ አንድ ላይ ነው የሚፈሰው። ቤት ስትደርስ የሚጠብቃት ዱላ ነበር። ጄሪካን ቢወድቅ ተነሥቶ ይሄዳል። አህያ ላይ ይታሰራል፤ ባልም ሳያፍር ይሸከመዋል። የእንስራን ውበት በሥዕልና በሐውልት የሚያሳዩን ሰዎች ተሸክመዋት እንደማያውቁ እርግጠኛ ነኝ። ሸክላ ሠሪዋ ቤት ብትገቡ ውሃዋ ጄሪካን ውስጥ ነው። ክብደቷን ከማንም በላይ ታውቀዋለቻ!

እንስራ በጄሪካን ተሸነፈች፤ ጋን በበርሜል እየተሸነፈ ነው። ጀበናና ምጣድ ግን ቦታቸውን አለቀቁም፤ ፕላስቲክ እሳት ስለማይችል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብለን የምንኮራበት እንኳን ገልጠው ቢያዩት ገላው ሸክላ ነው፤ ሽቦው እዚያ ውስጥ ተጋድሟል። ከተማው ሁሉ በመብራት ሲጋግር የሚጋግረው የሸክላ ሠሪዋ እጅ ላይ ነው ማለት ነው። ስሟ ግን ዕቃው ላይ አልተጻፈም።

አንዴ አንዷን «ለምን የማይሰበር ጀበና አትሠሩም?» ብዬ ጠየቅኳት። አየችኝ። «ካልተሰበረ እኔ ምን ልብላ?» አለች። ስለ ንግድ ከሰማኋቸው ትምህርቶች ሁሉ አጭሩና ግልጡ ይሄ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጀበና ቡናው እንምጣ። በአምቦ ዋና መንገድ ዳር፣ በጉደርም፣ በጌዶም፣ በአዲስ ዓለምም አንድ ዓይነት ነው። ረከቦቱ ላይ የተደረደሩት ሲኒዎች ከቻይና ናቸው። ወንበሩ ፕላስቲክ ነው፤ ከዋንዛ የተጠረበው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ለጌጥ ጥግ ተቀምጧል፣ ተቀመጡበት የሚል የለም። የቡና አፍይዋ ቀሚስ ጥለቱ በሸማኔ እጅ አልገባም፤ ከነጥልፉ ጨርቁ ላይ የታተመ ነው። ይህን እንኳን እታገሣለሁ፤ የጥበብ ቀሚስ ዋጋ አውቃለሁ። መሬት ላይ የተጎዘጎዘው ሣር ነው የማያስችለኝ። ፕላስቲክ ነው! ሑሉቃ ወንዝ ዳር እውነተኛው ሣር የሚያጭደው አጥቶ፣ ከዓለም ማዶ በኮንቴይነር የመጣ ሣር ረግጠን ቡና እንጠጣለን። አይደርቅም፣ አይሸትም፣ ላም አይበላውም። በሳምንት አንዴ በኦሞ ይታጠብና አጥር ላይ ይሰጣል። በዚህ ሁሉ መሐል ያገር ልጅ ሆነው የቀሩት ጀበናዋና ቡናው ብቻ ናቸው፤ ስሙን የሰጡትም እነሱ ናቸው።

ይህን እያልኩ ግን «ለባለሙያው እንዘንለት» ከሚሉት ጋር መቆም አይሆንልኝም። ሐዘን ዕቃ አያሸጥም። የመርካቶ ጫማ ሠሪዎችን ነገር ተመልከቱ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ስንቱ ሸራ ተራ ውስጥ የነበረ ባለሙያ ወስፌውንና መዶሻውን አስቀመጠ። የቀሩት ግን የቻይናውን ጫማ ፈትተው አዩት። ቅርጹን ቀዱ፣ ሶሉን አሻሻሉ፣ ቆዳው የእነሱ ስለሆነ በጥንካሬ በለጡት፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ገበያቸውን መልሰው ያዙ። አንዳንዶቹ ከውስጥ «ሜድ ኢን ኢታሊ» የሚል ማኅተም መምታታቸውን አልክድም፤ ገዝቼ አድርጌዋለሁ፣ ጥሩ ጫማ ነበር። የሚያሳዝነው ጫማው እውነተኛ ሆኖ ስሙ ብቻ ሐሰተኛ መሆኑ ነው። ባለሙያው ደንበኛውን አጥንቶታል። የእኛ ሰው የኢጣሊያን ጫማ አይከራከርበትም።

ስም የሚሠራውን ሥራ ለማየት ከአምቦ መውጣትም አያስፈልግም። ከከተማው አቅራቢያ ከመሬት እየፈላ የሚወጣውን ጠበል መሰል ውሃ በፈረንጅ 1930 ጠርሙስ ውስጥ አስገብተው ክዳን መቱበት። በኋላም የውጭ ባለሀብት ገብቶበታል። ውሃው ከእግራችን ሥር እየፈለቀ የአምቦ ሰው ምግብ ቤት ገብቶ «አንድ አምቦ» ሲል በዋጋው አይከራከርም። ጠርሙሱን ቋ ቋ አያደርግም። ክዳንና ወረቀት አለዋ!

በርባሶም ያው ነው። ከመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራውን ጫማ ገበሬው ሲያደርገው «ድኻ» እንለው ነበር። ቤተልሔም ጥላሁን የምትባል ልጅ በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ከዚሁ ከጎማ ሶል ተነሥታ «ሶል ሬበልስ» የሚል ስም ሰጥታ ታይዋን ድረስ ሱቅ ከፈተችበት። ጎማው ያው ጎማ ነው። የሰፈሯ ባለሙያዎችም ያው የሰፈሯ ባለሙያዎች ናቸው። ልዩነቱ ዋጋዋን ስትናገር ድምፅዋ አለመንቀጥቀጡ ነው። የውጭውም ዕቃ ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ተለቅቆ ዶላር ከመቶ ብር በላይ ሲወጣ የፔርሙዙም የጄሪካኑም ዋጋ ሰማይ ነክቷል፤ ከዚያ በፊትም ጥቅምት 2015 ላይ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ ተነፍገው ነበር። ርካሽ የምንለው የውጭ ዕቃ እንግዲህ ርካሽነቱ ካለቀ ቆይቷል፤ እኛ ግን ልማድ ሆኖብን አሁንም ርካሽ እንለዋለን። ጀበናዋ ደግሞ ከርካሹ በስንት እጥፍ አንሳ «ውድ» ትባላለች።

ባለፈው ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ አንዲት ጀበና ገዝቼ ነበር። ሦስት መቶ አለች፣ ሦስት መቶ ሰጠኋት። ሴትየዋ ብሩን ተቀብላ ትንሽ ቆየች፤ የተጣላኋት ነው የመሰላት። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ «ሸክላ በባለቤቱ ኃላፊነት ነው፣ ጋሼ፤ ከላይ አልጭንም» ስላለኝ ጀበናዋን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ እንደ አራስ ልጅ አቀፍኳት። አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ አዲስ ፔርሙዝ ከነካርቶኑ ይዟል። ማንም አላየውም። መኪናው ገና ከከተማው ሳይወጣ ግን ከኋላ ያሉ እናት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ስንት ገዛሃት?»

«ሦስት መቶ፣ እማማ።»

«ውይ!» አሉ። ውይታቸው ለሬሳ የሚሆን ነበር። «ተበልተሃል።»

ከፊት ያለው ሰው ዞረ። «ጉደር ብትሄድ በሁለት መቶ ታገኛት ነበር» አለ። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ «ጌዶ መቶ ሃምሳ ነው» አለ። ከመካከል አንድ ድምፅ ወደ ባኮ ገባ ካሉ መቶ ሃያ እንደሆነች መሰከረ። ከአምቦ በራቅን ቁጥር ጀበናዋ እየረከሰች ሄደች። ጊንጪ ላይ አዲስ የገቡ ተሳፋሪዎች ጉዳዩ ተነገራቸውና እነሱም አዘኑልኝ፤ ኦሎንኮሚ ስንደርስ ዋጋዋ ሰማንያ ብር ገብቷል። ከዚያ ወዲያ ምክሩ ስለ ማሟሸት ሆነ። አንዷ በቡና አተላ አፍላት አለች፣ ሌላዋ መጀመሪያ ቅባት አስነካት አለች፣ ሁለቱ አዲስ ዓለምን እስክናልፍ አልተስማሙም። ስለ ጀበና የማያውቅ ሰው መኪናው ውስጥ አልነበረም፤ ረዳቱ እንኳን አስተያየት ነበረው።

ወደ ሆለታ ስንጠጋ ወደ ጎረምሳው ዞርኩ።

«ፔርሙዙስ ስንት ነው?» አልኩት ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

«ሁለት ሺህ ሦስት መቶ።»

ጠበቅኩ። ውይ ያለ የለም። ሾፌሩ በመስታወቱ አላየም። ጉደርም ጌዶም አልተጠሩም።

«እማማ፣ እሱስ አልተበላም?» አልኳቸው።

«እሱማ ዕቃ ነው፤ ምን ይደረግ» አሉና እጃቸውን ዘርግተው ጀበናዬን ከነጋቢዋ ወሰዱብኝ። ገለጧት። በጣታቸው ቋ ቋ አደረጓትና ጆሯቸው ላይ አስጠጓት። «ድምፅዋስ ሸጋ ነው» አሉ። «ግን ተበልተሃል።»